ስለ አሥራ አንዱ የጠመኔ መስመርና ስለ አንዱ የካውያ ጠባሳ ለክቡር ሥራ አስኪያጁ የቀረበ ምስጋና

ለአካል ማገገሚያ ማዕከሉ ክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ወረቀት ሲፈርም የሚውለው ቀኝ እጅዎ በመልካም ጤንነት ላይ እንደሚገኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ቤተሰብዎም እንዲሁ። እኛ ድካሙ ካልተቆጠረ ደኅና ነን።

የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን እትዬም ደኅና ናቸው። ያስታውሷቸው እንደሆነ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት ግራ ጎናቸው በስትሮክ ሰንፎ በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ማዕከልዎ ገብተው በስድስተኛው ወር በገዛ እግራቸው የወጡት፣ ፎቶግራፋቸው በመግቢያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከሥሩ «ለውጥ ይቻላል» የተባለላቸው ሴትዮ ናቸው። አሁን ደረጃውን ያለ ምርኩዝ ይወጣሉ። ሴት ልጃቸው መንታ ወልዳላቸው አንዱን በቀኝ ሌላውን በግራ ታቅፈው ሲያባብሉ ይውላሉ፤ ግራ እጃቸው ገና ትንሽ ስለምትለግም ቀለል ያለውን ሕፃን ለእሷ ይሰጧታል። ደብዳቤ ልጽፍልዎ እንደሆነ ሲሰሙ ሰላምታቸውን አቅርበው፣ ያ ፎቶግራፍ ፀጉራቸው ሳይሠራ የተነሣ ስለሆነ በሌላ ይቀየርላቸው ዘንድ አደራ ብለውኛል። መልእክቱን ይኸው አደረስኩ።

ወደ ማዕከልዎ የላኩን እሳቸው ነበሩ። «ሂዱ፣ እዚያ ያሉት ልጆች እጃቸው መድኃኒት ነው» አሉን። ስለ ልጆቹ እውነታቸውን ነበር።

እኔ በመዝገብዎ ላይ «አስታማሚ» ተብዬ የተጻፍኩት ሴት ነኝ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩት አብዛኛው ጽሑፍ በሸሚዝ አንገት ላይ የተሰፋ ነው፤ በልብስ እጥበት ቤት ተኩስ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁና። ስለዚህ መሥሪያ ቤትዎ በላከልኝ ደብዳቤ ውስጥ እንዳለው ያለ ከፍ ያለ አማርኛ ባይወጣልኝ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ያንን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አንዴ ቆሜ፣ አንዴ ተቀምጬ፣ አንዴ ደግሞ ባለቤቴ ፊቴን እንዳያይ መታጠቢያ ቤት ገብቼ። ይህንን መልስ በጋዜጣ በግልጽ የምጽፈውም ክቡርነትዎን በሰው ፊት ለማሳጣት አይደለም፤ በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች ከጥበቃው ጠረጴዛ አላለፉምና፣ ያልታሸገው ምናልባት ይደርስ እንደሆነ ብዬ ነው።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነው። «ነበር» ማለት የሚቀናቸው ሰዎች አሉ፤ እኔ ነው እላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰውን ትከሻ ገና ከበር ሲገባ በዓይኑ ለክቶ፣ ሜትሩን የሚያወጣው ሰውየው ቅር እንዳይለው ብቻ ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት የቀኝ እጁ አውራ ጣት ብቻዋን መንቀጥቀጥ ጀመረች። መጀመሪያ የስፌት መኪናው ንዝረት ነው አልን፤ ቀጥሎ ዕድሜ ነው አልን፤ ሐኪሙ ፓርኪንሰን ነው አለ። በእኔ አማርኛ ሲነገር፣ ጭንቅላቱ ሂድ ብሎ ያዛል፣ ትእዛዙ ግን እግሩ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። ክቡርነትዎ ይህንን ዓይነት አሠራር ከቢሮ ኑሮ ስለሚያውቁት ብዙ አላብራራም።

በር ላይ ሲደርስ፣ ሊዞር ሲል፣ ሰው ሲያጣድፈው እግሩ ወለሉ ላይ እንደተሰፋ ሆኖ ይቀራል። ድምፁ ወርዷል። ፊቱም ሳቅ አያወጣም፤ ሆዱ እየሳቀ ፊቱ ዝም ይላል፣ ስለዚህ የማያውቀው ሰው ኩሩ ነው ብሎ ያልፈዋል። በሽታው እንደማይድን ሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን ሳይደብቅ ነግሮናል። ነገር ግን በየሳምንቱ ከሠራ ያለውን ይዞ ብዙ ሊቆይ ይችላል ብሎናል። ያለውን ይዞ መቆየት፤ እኛ ከማዕከልዎ የፈለግነው ይህችን ብቻ ነበር። ለእሷም ስንል ሁለት ዓመት ሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ዝናብም ይሁን ፀሐይ፣ ከስምንት ሰዎቹ ቡድን አልቀረንም።

የቡድናችን ፊዚዮቴራፒስት፣ ከአፏ ሌላ ቃል ስለማይወጣ ሁላችን «እግር ከፍ» ብለን የምንጠራት ልጅ ናት፤ ራሷም በዚህ ስም ስትጠራ ወይ ትላለች። አንድ ቀን ባለቤቴ በኮሪደሩ መሃል ተይዞ ሲቀር፣ እንደ ሌላው ሰው ክንዱን ከመጎተት ይልቅ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ፣ በጥቁሩና በነጩ ንጣፍ መካከል ያለችውን መጋጠሚያ በጣቷ እያሳየች «አባባ፣ ይቺን መስመር ይሻገሩልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለችው። ተሻገራት። ቀጥሎ ያለችውንም ተሻገረ። ከዚያ ያንን ኮሪደር፣ ሰው ሁሉ ጨዋታውን አቁሞ እያየው፣ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። ለካስ እግሩ ከጭንቅላቱ ትእዛዝ ባይቀበልም ከዓይኑ ይቀበላል። በዚያው ሳምንት የልብስ ጠመኔያችንን ይዤ ከአልጋችን እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ መታጠቢያ ቤቱ አሰመርኩ። ቤታችን እንደ ኮት ጨርቅ ተለክቶ ለመቀስ የተዘጋጀ ይመስላል፤ ባለቤቴ ግን ፊቱን ለመታጠብ እኔን አይጠራም። ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስልዎት እለምናለሁ።

እንግዲህ ይህንን ካወቁልኝ በኋላ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ አዲሱ ወለል እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። የድሮው ንጣፍ እውነትም አርጅቶ ነበር፤ አንዳንዱ ተሰነጣጥቋል፣ አንዳንዱ ሲረገጥ ኳ ይላል። በእሱ ፈንታ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ የሆነ፣ መጋጠሚያ የሌለው፣ ደመና የመሰለ ግራጫ ፕላስቲክ አስነጠፉልን። ያማረ ነው፤ ሰው ፊቱን ያይበታል። በምርቃቱ ዕለት እርስዎ ራስዎ ከእንግዶችዎ ጋር ወዲያና ወዲህ ሲመላለሱበት አይቻለሁ፤ እግርዎ አንድም ጊዜ አልተያዘም፣ እግዜር ይጠብቅልዎ። ባለቤቴ ግን በሚቀጥለው ማክሰኞ ከመግቢያው ደርሶ ወለሉን ሲያይ ቆመ። ምነው ብዬ ስጠይቀው፣ በዚያ በወረደ ድምፁ «ባሕር ሆነብኝ» አለኝ። እሱን ጨምሮ ከስምንቱ መካከል አራቱ ባሕሩ ዳር ቆመው ዋሉ። እግር ከፍ ቀለም ያለው ፕላስተር ለመለጠፍ ብትጠይቅ፣ ወለሉ ዋስትና ስላለው ምንም ነገር አይለጠፍበትም ተብላ እንደተመለሰች ሰምቻለሁ። ወለሉ ዋስትና ያለው መሆኑን በማወቄ ደስ ብሎኛል፤ ቢያንስ አንዳችን ዋስትና አለን።

ሁለተኛ፣ ቀጠሯችንን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ወደ ስድስት ሰዓት ተኩል ስላዛወሩልን አመሰግናለሁ። ባለቤቴ መድኃኒቱን ሦስት ሰዓት ላይ ይውጣል፤ አራት ሰዓት ላይ ሰው ነው፤ ስድስት ሰዓት ሲያልፍ መድኃኒቱ ጥሎት ይሄዳል፤ የሚቀጥለው ደግሞ ገና አልያዘውም። በዚያች ክፍተት እሱን መለካት ማለት፣ የካውያዬን ሶኬት ነቅሎ ዛሬ ስንት ሸሚዝ ተኮስሽ ብሎ እንደመጠየቅ ነው። ይህንን ለመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ባስረዳት፣ መድኃኒቱን ከማዕከሉ ሰዓት ጋር እንድናስማማው በትሕትና መከረችኝ። ለመድኃኒቱ ነግረነዋል፤ መልስ አልሰጠንም።

ሦስተኛ፣ የታካሚዎችን ደረጃ እንዲገመግም ስለላኩልን ባለሙያ፣ እኛ «ባለ ሩጫ ሰዓቱ» ስለምንለው ሰው፣ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ጨዋ ሰው ይመስላል፤ ምናልባት ቸኩሎ ይሆናል። አሥር ሜትር ለክቶ፣ ባለቤቴን ከአንደኛው ጫፍ አቁሞ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ባሕሩ ዳር፣ የሩጫ ሰዓቱን ጠቅ አድርጎ «ሂድ!» አለው። እግር ከፍ እንኳን ሁለት ዓመት ሙሉ አንቱ ብላው ነው የኖረችው። ባለቤቴ አልሄደም። «ፈጠን በል እንጂ!» አለው። ያኔ ጭራሽ ተሰፋ። ባለ ሩጫ ሰዓቱ ወደ እኔ ዞሮ፣ ሰውየው መሃላችን ቆሞ ሳለ፣ «አይሰማም እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ይሰማል፣ የሰማውንም አይረሳም» አልኩት። አራት ደቂቃ ጠብቆ ሰዓቱን አጠፋና ወረቀቱ ላይ «ለመተባበር ፈቃደኛ አይደለም» ብሎ ጻፈ።

ክቡርነትዎ፣ ይህች ቃል እንጀራችን ሆና የኖረችውን ጠባይ ነው የነካችብኝ። ባለቤቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለመጣ ሰው ሁሉ «እሺ፣ ለዓርብ ይደርሳል» ሲል ነው የኖረው። ፈቃደኛ ባለመሆን ሊታማ ቀርቶ፣ ፈቃደኛ በመሆኑ ስንት ጊዜ ተጣልቼዋለሁ። በዚያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ከታክሲ ልንወርድ ስንል ስለ ባለ ሩጫ ሰዓቱ አንድ ነገር ብቻ አለኝ፦ «የኮቱ ግራ እጅጌ ከቀኙ በአንድ ጣት ይረዝማል። ፈቃደኛ ያልነበረው የሰፋለት ሰው ነው።» ፊቱ አልሳቀም፤ ሆዱ ግን ሲንቀጠቀጥ በክንዴ ሰማሁት። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ቤት ገብቼ የሳቅኩትን ያህል አለቀስኩ፤ ይህንን ግን እሱ አያውቅም፤ ጋዜጣ ካላነበበ።

አራተኛ፣ ስለ ቅጽዎ። ይህ ቅጽ ሁለት ሣጥን ብቻ ነው ያለው፤ «ለውጥ አሳይቷል» እና «ለውጥ አላሳየም»። በሦስት ወር ውስጥ ሁለተኛው ሣጥን ላይ ምልክት የተደረገበት ሰው ቦታውን ለተረኛ ይለቃል። ለእትዬ ይህ ቅጽ ልክ ነበር፤ የእሳቸው ሕመም አንድ ቀን መትቶ፣ ከዚያ ወዲያ ቀስ በቀስ የሚለቅ ነው። የባለቤቴ ግን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጎተተ የሚወስድ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጎተት ባለበት ከቆመ፣ ያ መቆሙ ሥራው ነው። አንድ ሰው የሚወደውን ሱሪ ይዞ ወደ ባለቤቴ ሱቅ ሲመጣ፣ ባለቤቴ ቀዳዳው እንዳይሰፋ አድርጎ ይጠግንለታል። ሰውየው ሱሪውን አምስት ዓመት ይለብሰዋል። እስከ ዛሬ አንድም ደንበኛ ተመልሶ መጥቶ «ሱሪዬ አዲስ አልሆነም» ብሎ ሲከሰው አላየሁም። የእርስዎ ቅጽ ግን ይከሳል። ሦስተኛ ሣጥን ቢጨመርበት፣ «ያለውን ይዟል» የምትል ብቻ፣ ሣጥኑን ለማስመር የሚሆን ማስመሪያና እርሳስ ከቤቴ ይዤ እመጣለሁ። ጠመኔ አላመጣም፤ ወደ ጠመኔው ነገር እየመጣሁ ነው።

አምስተኛ፣ ስለ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎ። «የማዕከሉን ንብረት ሆን ብሎ በማበላሸት» ይላል። እዚህ ላይ ቀልድ አላበዛም፤ ጥፋቴን ልናገር።

ከዚያ ልኬት በኋላ በመጣው ማክሰኞ፣ ከቤት ስንወጣ ከባለቤቴ መሳቢያ አንድ ጠመኔ ብድግ አድርጌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ማንንም አላስፈቀድኩም፤ ባስፈቅድ እንደማይፈቀድ አውቄዋለሁ። ኮሪደሩ ላይ ደርሰን እሱ እንደገና ሲቆም፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ተንበረከክሁና ማስመር ጀመርኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ጉልበቴ። ባለቤቴ ከላይ ሆኖ «ጠበበ፣ ሁለት ጣት ጨምሪ» ይለኛል፤ «አሁን ተንጋደደ» ይለኛል፤ እኔም «ወርደህ አስምረዋ እንግዲህ!» እለዋለሁ። አሥራ አንድ መስመር አሰመርኩ። ባለቤቴ አሥራ አንዱንም ተሻገረ። እዚያ ማዶ ደርሶ ሲዞር፣ ያቺ እግር ከፍ ዕንባዋ መጣና ወደ ግድግዳው ዞራ ጫማዋን የምታስር መሰለች፤ ጫማዋ ማሰሪያ የለውም። ከኋላው ሌሎቹ ሦስቱ ባሕሩ ዳር የቀሩት ተሰልፈው፣ አንዱ «እኛስ ባለ መስመሯ፣ በስንት ትኬት ነው የምናልፈው?» እያለ፣ ሁሉም ተሻገሩ። በዚያን ቀን ባለ ሩጫ ሰዓቱ አልነበረም። እንዲህ ዓይነት ቀን ሲሆን ለምን እንደማይኖር አላውቅም።

ስህተቴ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የልብስ ጠመኔ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ በብሩሽ ይራገፋል፣ ሌላው ሰም ያለው ሆኖ የሚጠፋው በካውያ ሙቀት ብቻ ነው። ከመሳቢያው ያነሣሁት ለካ ባለ ሰሙን ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ በውኃ ብትለው፣ በሳሙና ብትለው፣ በክርኗ ብትለው፣ ንቅንቅ አላለም። ሴትዮዋ በእኔ ጦስ እንዳትጠየቅ ልቤ ተጨነቀ። እኔ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስንት እድፍ አስለቅቄ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይህንንማ አላጣውም ብዬ በማግሥቱ ካውያዬን በዘንቢል ይዤ ተመለስኩ። ከጥበቃው ጋር ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ዘንቢሉን ሲያይ ምሳ መስሎት መልካም ምሳ ብሎኛል። ሶኬቱን ከወንበሩ ሥር ሰካሁ፤ እርጥብ ጨርቅ አነጠፍኩ፤ የመጀመሪያውን መስመር ስተኩሰው ጥርግ አለ። ሁለተኛውም ጥርግ አለ። በሦስተኛው ልቤ ሞላና ሙቀቱን ትንሽ ጨመርኩት። ካውያውን ሳነሣው ወለሉ አብሮ ተነሣ።

ሽታውን አልነግርዎትም፤ ቢሮዎ ድረስ እንደደረሰ በደብዳቤዎ ገልጸዋልና። በአዲሱ ወለል ላይ አፍንጫው ወደ መዝገብ ቤት የዞረ አንድ ሙሉ የካውያ ቅርጽ አለ፤ እሱ የእኔ ሥራ ነው፤ ለሌላ ለማንም እንዳይጻፍ። ስለዚህ ጠባሳ ይቅርታ የምጠይቀው ከልቤ ነው። ሆን ብዬ አላደረግኩትም፤ ነገር ግን አድርጌዋለሁ። ስለ መስመሮቹ ግን ይቅርታ እንድጠይቅ አይጠብቁኝ። ሆን ብዬ ያሰመርኳቸው እነሱን ነው፤ ስምንቱ ዛሬም አለቅም ብለው እዚያው አሉ።

በዚያው ወረቀት፣ በዚያው ፊርማ፣ ከማስጠንቀቂያው ሥር፣ ባለቤቴ «ለውጥ ስላላሳየና ለመተባበር ፈቃደኛ ስላልሆነ» ከማክሰኞ ቡድን መሰናበቱን፣ ቦታውም ለተረኛ መሰጠቱን፣ ቅሬታ ካለን በሠላሳ ቀን ውስጥ ማቅረብ እንደምንችል ገልጸዋል። ከፖስታው ጋር ስለላኩልን በራሪ ጽሑፍም አመሰግናለሁ፤ «ከሕመምዎ ጋር ተስማምተው ይኑሩ» የሚለውን ማለቴ ነው። ሽፋኑ ላይ ነጭ ሸሚዝ የለበሱ ሰውዬ ኳስ ታቅፈው ይስቃሉ። ሸሚዙን ያየ ሰው ማን እንደሚተኩስላቸው ይጠይቃል። ውስጡ ዘና እንድንል፣ ውኃ እንድንጠጣ፣ ከባለሙያ ጋር በየሳምንቱ እንድንሠራ ይመክራል። ምክሩ ጥሩ ነው፤ የመጨረሻዋን ምክር የሚፈጽምልን ቦታ ብናገኝ ኖሮ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ይሆን ነበር።

ስድስተኛና ሰባተኛም ነበረኝ፤ ስለ መጸዳጃ ቤቱ በር ጥበትና የአስታማሚዎች ወንበር ስለ መነሣቱ። ደከመኝ። ሕይወቴ በተራ ቁጥር አልተጻፈችም፤ ካውያዬም ሞቆ ይጠብቀኛል።

ስለዚህ የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ባለቤቴን እንደገና ያስለኩልኝ። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ በእነዚያ በስምንቱ መስመሮች ላይ፣ ሂድ ሳይሆን ይሂዱ በሚል ሰው። ከተሻገረ ቦታው ይመለስለት። ካልተሻገረ ደብዳቤዎን አራተኛ ጊዜ አነበዋለሁ፤ አፌንም እዘጋለሁ። እሱ ከተሰናበተ ወዲህ ሦስት ማክሰኞ አልፏል። በሦስተኛው ሳምንት ከመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ፣ በመስመሮቹ መካከል ቆሞ፣ ጠራኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልጠራኝ ሰው ነው። ድምፁ ወርዷልና መጀመሪያ አልሰማሁትም ነበር። ምን ያህል ጊዜ እንደጠራኝ እስከ አሁን አልነገረኝም።

ረጅም ዕድሜ፣ የሚታዘዝ እግርና ከትእዛዙ ጋር የማይጣላ ሰውነት እየተመኘሁልዎ፣ ያማረ ወለልዎን ሳልረግጥ ከሩቁ ወገቤን ሰበር አድርጌ እጅ የምነሣዎት፣

ፈቃደኛ ያልሆነው ልብስ ሰፊ ሚስት
(የማዕከሉ ንብረት አበላሽ)

ግልባጭ፦
ለማስታወቂያ ሰሌዳው፤ ከእትዬ ፎቶግራፍ ጎን
ለእግር ከፍ፤ እንድታውቀው ሳይሆን በእኔ እንዳትወቀስ
ለጽዳት ሠራተኛዋ፤ ከይቅርታ ጋር
ለባለ ሩጫ ሰዓቱ፤ ግራ እጅጌውን ቢያመጣው በነፃ እናሳጥርለታለን

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ይህንን ጽፌ ፈርሜ ልወጣ ስል በር ተንኳኳ። አንድ ወፍራም ጡረተኛ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ከሚስቱ ጋር፣ በራችን ላይ ቆሟል፤ መቆሙ ፈልጎ አልነበረም፣ ደፋችንን ሲያይ እግሩ ተይዞበት ነው። ሚስቱ ወደ እኔ አየች፣ እኔም ወደ እሷ አየሁ። ለካስ ማዕከልዎ የማክሰኞ ቦታ ተገኝቶልሃል ብሎ የደወለለት ሰው እሱ ኖሯል። ቦታው ከማን እንደተወሰደ ጠያይቆ ነው የመጣው። ገና ከመግባቱ ባለቤቴን «ወንድሜ፣ ወንበርህ ላይ አስቀመጡኝ፤ ሳላውቅ ነው፣ ይቅር በለኝ» አለው። ባለቤቴ የሰውየውን እግር ከላይ እስከ ታች አየና «ያንተ እርምጃ ረጅም ነው፤ የእኔ መስመር ይጠብሃል፤ አራት ጣት ጨምሪለት» አለኝ። እንደገና ተንበረከክሁ። ሹፌሩ የቤታችንን ኮሪደር ሄዶ ሲመለስ በሳቅ እየተንፈቀፈቀ «ዕድሜ ልኬን መስመር አቋረጥክ ብለው ሲቀጡኝ ኖረው፣ ዛሬ ካላቋረጥክ አትሄድም ልባል!» አለ። ከዚያ እዚያው ቆሞ ወደ መዝገብ ቤትዎ ደውሎ ቦታውን ለባለቤቴ እንዲመልሱለት ጠየቃቸው። ቦታ የሚለቅ ሰው በአካል ቀርቦ፣ አሥሩን ሜትር ሄዶ፣ በባለሙያ መረጋገጥ አለበት ብለው መለሱለት። ስልኩን ዘግቶ ኪሱ ከተተ። ሲወጣ በሩ ላይ ዞር ብሎ ባለቤቴን እንዲህ አለው፦ «እንግዲያው ማክሰኞ አብረን እንሄዳለን። አንተ ከፊት ትሆናለህ፣ እኔ እግርህን እያየሁ እከተልሃለሁ፤ ማንኛችንን እንደሚለኩ እነሱ ይጨነቁበት።»